የኤሌክትሪክ መስመርን ሬዚስታንስ መለካት የመንግሥት ሕንፃዎችን ከአደጋ ለመጠበቅ ይረዳል

ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት የምሥራቅ ጎጃም ዞን ከተሞች ቢቸናና ሞጣ ክረምታቸው ዝናባማ ነው። ጣሪያው በሚያፈስ መሥሪያ ቤት ውስጥ ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦዎች መገናኛ ከደረሰ የሠራተኞች ሕይወትና የመዝገብ ቤት ሰነዶች ለአደጋ ይጋለጣሉ። አደጋውን አስቀድሞ ለማወቅ ከሚያስችሉት ዘዴዎች አንዱ የመስመሩን ሬዚስታንስ መለካት ነው።

ሬዚስታንስ አንድ አካል የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን ሲሆን፣ የሚለካውም በኦም ነው። ስያሜው በቮልቴጅ፣ በፍሰትና በሬዚስታንስ መካከል ያለውን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ ላሳተመው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ሲሞን ኦም መታሰቢያ የተሰጠ ነው።

ኦሜትር የሚለካው በውስጡ ካለው ባትሪ አነስተኛ ኃይል በመላክ ነው። በመሆኑም አስቀድሞ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ መጥፋትና በመስመሩ ላይ ኃይል አለመኖሩ በቮልት መለኪያ መረጋገጥ ይኖርበታል። የሚለካው ዕቃም ከመስመሩ መለየት አለበት፤ አለዚያ በጎን የተያያዙ ሌሎች ዕቃዎች ንባቡን ዝቅ ያደርጉታል።

ለአብነት በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲለካ 24 ኦም ገደማ ያሳያል። ንባቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሽቦዎቹ እርስ በርስ መነካካታቸውን፣ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ሽቦው መቆረጡን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ የኦሜትር ባትሪ አቅሙ አነስተኛ በመሆኑ በእርጥበት የተዳከመ የሽቦ ልባስን ላያሳይ ይችላል። ለዚህ ተግባር የሚውለው በባለሙያዎች ዘንድ ሜገር የሚባለው መሣሪያ ነው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ መሠረት በ220 ቮልት የሚሠራ የሕንፃ መስመር በ500 ቮልት ሲፈተሽ የልባሱ ሬዚስታንስ ከ1 ሜጋ ኦም፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን ኦም ማነስ የለበትም። በፍተሻው ወቅት ኮምፒዩተሮችና መሰል ዕቃዎች ከመስመሩ መነቀል ይኖርባቸዋል።

አዲስ ወይም የታደሰ ሕንፃ የሚረከቡ ኃላፊዎች መብራቱ መብራቱን ብቻ አይተው ከመፈረም ይልቅ የየመስመሩን ንባብ፣ የተለካበትን ቀንና የባለሙያውን ስም የያዘ ሰነድ ሊጠይቁ ይገባል። ሰነዱ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ለሚደረግ ፍተሻም ማነጻጸሪያ ይሆናል። አምና 50 ሜጋ ኦም የነበረ መስመር ዘንድሮ ወደ 2 ሜጋ ኦም ከወረደ ዝቅተኛውን መስፈርት ቢያሟላም ልባሱ እየተዳከመ ስለሆነ፣ አደጋ ከመድረሱ በፊት ጥገና ሊደረግለት ይገባል።