ሸክላው የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ2009 ኦ ኖ የሚባለው የካሊፎርኒያ ራፕ ፕሮዲውሰር «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» የተሰኘ አልበም አወጣ። ሥራው የተገነባው ከድሮ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ላይ ቀንጭቦ ባወጣቸው ድምፆች ነው። በዓመቱ ደግሞ ናስና ዳሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኢንተር» ለተባለው ዘፈናቸው የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» መነሻ አደረጉት። የአንደርግራውንድ ራፕ አድማጭ እንዲህ ያለ ቅንጭብ ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ምንጩን ያድናል። ማን ነፋው? በየትኛው ዓመት? ሸክላው ዛሬ በማን እጅ ነው? ብዙዎቹ አዳኞች ጥያቄያቸውን ይዘው የሚደርሱት አዲስ አበባ ነው። እዚያም የሚጠብቃቸው ነገር ብዙ ጊዜ ባዶ መደርደሪያ ነው።

የጠፋ ሥራ ፍለጋ በራፕ ዓለም የቆየ ልማድ ነው። የዲትሮይቱ ፕሮዲውሰር ጄይ ዲላ በ2006 ካረፈ በኋላ አድናቂዎቹ ያልወጡ ቢቶቹን ሲያስሱ ኖረዋል። በ2012 አንድ የሸክላ ነጋዴ ባለቤቱ ከተወው መጋዘን የገዛው ክምር የዲላ ንብረት ሆኖ ተገኘ፤ ከሸክላዎቹ መካከል ያልታተሙ ቢቶች የተቀዱባቸው ካሴቶች ነበሩ። ነጋዴው የሟቹን እናት ፈልጎ አገኘ። በኢትዮጵያ የጠፋው ግን የአንድ ሰው ክምር ብቻ አይደለም። የአንድ ትውልድ ሥራ ተበትኗል፤ የት አለ፣ ማን ይጠብቀው፣ የማንስ ነው የሚለው ክርክርም ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሸክላ ራሱ የተቀረጸው በሰው አገር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ፣ ጀርመን በነበሩበት ጊዜ ድምፃቸውን አስቀረጹ። እነዚያ ቅጂዎች ለሕዝብ በስፋት የደረሱት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በፈረንሳይ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ በኩል ነው። ከቀረጻው በኋላ የተወለደ ሰው አርጅቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ ድምፃቸውን ሳይሰማ ኖሯል ማለት ነው።

የሸክላው ዘመን ራሱ አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ የተባለ የሸክላ ሱቅ ባለቤት ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ እያለ፣ በ1969፣ አምሃ ሪከርድስን መሠረተ። መንግሥት ይከስሰኛል ብሎ አልፈራም፤ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በክር ቀርጾ ሕንድ ልኮ አሳተመው። ኋላ ላይ የማተሙ ሥራ ወደ ሊባኖስ ዞረ። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ 103 ትናንሽ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። በእሱ ፈር፣ በሰፊው ዓሊ ታንጎ ተብለው የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ኬይፋ የመሠረቱት ኬይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስም ሠሩ። እስከ 1970ዎቹ ማብቂያ በአገሪቱ የወጡት ትናንሽ ሸክላዎች ሁሉ ተደምረው ወደ 500 ይጠጋሉ።

አምስት መቶ! ለአንድ አገር ሙሉ የሙዚቃ ዘመን ይህ እጅግ ጥቂት ነው። የእያንዳንዱ ሸክላ መጥፋት የሚያመውም ለዚህ ነው።

እንዴት ጠፉ? አንዱ መልስ አብዮቱ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊት ክለቦችን አዳከማቸው፤ አምሃም በ1975 አገር ጥሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሌላው መልስ ካሴት ነው። ካሴት ርካሽ ነበር፣ በየሙዚቃ ቤቱ ይባዛል፣ ከመርካቶ ተነስቶ በአውቶቡስ የትም ይደርሳል። ሸክላ ማጫወቻው ከቤት ሲወጣ ሸክላውም ተከተለው፤ ልጆች ተጫወቱበት፣ ፀሐይ አጎበጠው፣ የተረፈውን የውጭ ሰብሳቢ ገዛው። ካሴት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ክሩ ይላላል፣ ይበጠሳል፣ አንዱ ዘፈን በሌላው ላይ ይቀዳበታል። ከቅጂ ላይ የተቀዳ ቅጂ ሲደጋገም ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ዋናው ክር፣ ማስተር የሚባለው፣ ከሌለ የሚተካው የለም። በየሙዚቃ ቤቱ የነበረው ማስተር ቤቱ ሲዘጋ የት እንደሚገባ የሚወስን አሠራር አልነበረም።

ፍለጋውን በስፋት የጀመረው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ተማረከና አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 «ኧረ መላ መላ» በቤልጅግ እንደገና ታተመ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» እየተከታተለ ወጣ፤ በ2017 ሠላሳኛው ላይ ደረሰ። በዚህ ተከታታይ የተካተተው የሙላቱ ሙዚቃ በ2005 በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ሲሰማ፣ ኢትዮጵያን በካርታ ላይ የማያውቁ አድማጮች ሸክላ ማሰስ ጀመሩ። ከላይ የተነሱት ራፐሮች የደረሱበትም መንገድ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ከሁሉም ይበልጥ ልብ ይነካል። በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች በ1981 ከባንዱ ጋር ለትርኢት አሜሪካ ሄዶ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ብቻውን የሠራው ካሴት ወደ አገር ቤት መጥቶ ተሸጠ፤ ከዚያ ተረሳ። እሱም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ጀመር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራየን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ባለቤቱን አፈላልጎ፣ ተስማምቶ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። ቀጥለው በ1977 የወጣው የዋልያስ «ቸበለው» እና በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» ወጡ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አቀረበ። ባሕር ዳር የተገኘ አንድ ካሴት ሰውየውን ራሱን ወደ መድረክ መለሰው።

ግርማ በየነም እንዲሁ። ለብዙ ድምፃውያን ሲያቀናብር የኖረው ፒያኖ ተጫዋች በዚያው በ1981 ጉዞ አሜሪካ ቀርቶ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ እየሠራ ከሙዚቃ ርቆ ቆየ፤ የ«ኢትዮፒክስ» ሠላሳኛ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የሠራው የመመለሻ አልበሙ ነው። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በፒያኖ ሥራዎቻቸው የታወቁት እማሆይ በአዲስ አበባ መኖሪያቸው በካሴት የቀረጿቸው የድምፅ ሥራዎች ለአድማጭ የደረሱት በ2024፣ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ለአርባ ዓመት ገደማ አንድ መነኩሲት ሲዘምሩ ማንም አልሰማም።

እዚህ ላይ ቅሬታው ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። አፈላላጊዎቹ ለምን ከውጭ መጡ? ገንዘቡስ ወዴት ሄደ? እንደ ኃይሉ ያሉት በስማቸው ውል ፈርመዋል። ሙዚቀኛው በሞተባቸው፣ አሳታሚው አገር በለቀቀባቸው ሥራዎች ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በዘመኑ ብዙ ሙዚቀኞች በባንድ ደመወዝ የሚኖሩ ነበሩ፤ ለቀረጻው አንድ ጊዜ ይከፈላቸዋል፣ ከዚያ ሸክላው የአሳታሚው ነው። ስማቸው በሸክላው ልባስ ላይ ያልተጻፈ ከበሮ መቺዎችና ነፊዎች እጅግ ብዙ ናቸው። አንድ ቅንጭብ በራፕ ዘፈን ውስጥ ገብቶ ዓለምን ሲዞር ለእነሱ የሚደርስ ነገር የለም።

ሕጉም ከጊዜ ጋር እየተሽቀዳደመ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዜማና ግጥም ደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አሳታሚ ግን የጥበቃው ዘመን 50 ዓመት ነው። ይህን ስሌት ይዘን የአምሃን ዘመን ሸክላዎች ብንመለከት፣ በ1969 እና በ1975 መካከል የወጡት ሁሉ ሃምሳ ዓመታቸውን ደፍነዋል። አምሃ እሸቴ በሚያዝያ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በነሐሴ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ማን ምን እንደፈረመ፣ ማን በየትኛው ቀረጻ ላይ እንደተጫወተ የሚመሰክሩት ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው። ስለዚህ ከሸክላው እኩል፣ ምናልባትም ከሸክላው ቀድሞ፣ መሰብሰብ ያለበት የእነሱ ቃል ነው።

ይህ ሁሉ ግን የአዲስ አበባ ወግ ነው። አምስት መቶ የሚጠጉት ሸክላዎች የክለብና የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የሀገር ፍቅር ልጆች ሥራ ናቸው። ከዓባይ ማዶ ያለው አገር እዚያ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ቡለንን እንውሰድ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በመተከል ዞን ያለች ወረዳ ናት፤ ሽናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገዉ አብረው ይኖሩባታል። ቦሮ ሽናሻ ቋንቋው ከኦሞ ቤተሰብ ነው፤ ወገኖቹ ወደ ደቡብ ሲሆኑ እሱ ግን ዓባይ አጠገብ ይነገራል። የዘመን መለወጫቸው ጋሪ ዎሮ በመስከረም ወር በዘፈንና በጭፈራ ይከበራል። ጉሙዝ ደግሞ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ዜማ ያዜማል። ወደ አሶሳ ሲወጡ የበርታ ዙምባራ አለ፤ ቅል ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም ጡሩምባ ነው። እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ሲሆን ዜማው የሚፈጠረው ሁሉም በየተራቸው ሲገቡ ነው። ስለዚህ ዙምባራን አንድ አዋቂ ሽማግሌ አስቀምጦ ብቻውን ማስቀረጽ አይቻልም። ከቡድኑ ጥቂቶች ሲጎድሉ ዜማው ይፈርሳል፤ የቡድኑ መበተን ራሱ የመጥፋት ያህል ነው።

መበተንም ደርሷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መተከል ውስጥ በተነሳው ግጭት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ስለ ሙዚቃ በሚነገርበት ቦታ ይህን ማንሳት ይከብዳል፤ ሳያነሱ ማለፍ ግን አይቻልም። የሠርግ፣ የአዝመራና የለቅሶ ዜማ የሚያዜመው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ሲበተን ሽማግሌዎቹ በሕይወት ቢተርፉ እንኳ ዜማውን የሚያስጀምርላቸው አጋጣሚ አብሮ ይቀራል።

ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የገጠር ሙዚቃ ቀርጸዋል። የለንደኑ የሆርኒማን ሙዚየም ባለሙያ ጂን ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአገሪቱ ዞረው የቀረጿቸው ድምፆች ዛሬ እስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የራሱ ክምችት አለው። ግን ቡለን ላይ ያለ ወጣት የአያቱን ዘመን ዘፈን ልስማ ብሎ ቢነሳ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ኤደንብራ መሄድ የለበትም። ቅጂው ወደተቀረጸበት መንደር ሊመለስ ይገባል። በአሁኑ ቴክኖሎጂ የሚያስፈልገው አንድ ሃርድ ዲስክና ለሥራው የተመደበ አንድ ሰው ነው።

ዛሬ ቡለን ውስጥ መቅረጫ አልጠፋም፤ በየኪሱ ስልክ አለ። ሠርጉም ጋሪ ዎሮውም ይቀረጻል፣ በቴሌግራም ይዞራል። ሜሞሪ ሲሞላ ይሰረዛል፤ ስልኩ ሲሰበር አብሮ ይሄዳል። የተረፈውም ፋይል ስሙ ቁጥር ብቻ ነው፤ የት፣ መቼ፣ ማን እንደዘፈነ አይናገርም። ከሰላሳ ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው፣ ዛሬ የ1970ዎቹን ሸክላ እያገላበጠ ማን ነፋው ብሎ እንደሚጠይቀው ሰብሳቢ ይሆናል።

የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ የታተሙና የተቀረጹ ሥራዎችን ቅጂ እንዲቀበል በሕግ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ በስልክ የተቀረጸ የገጠር ዜማ ግን አሳታሚ ስለሌለው የሚያስረክበው የለም። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በአቅራቢያ ያለው ነው፤ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ የክልሉ መገናኛ ብዙኃን፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከአንድ ቀበሌ አንድ ሰዓት ድምፅ ቢሰበስብ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር መሞላት ያለበት ቅጽም ረጅም አይደለም፤ የዘፋኞቹ ስም፣ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ቋንቋው፣ ዜማው የሚዜምበት አጋጣሚ፣ እንዲቀረጽ የፈቀደው ሽማግሌ ወይም ማኅበር፣ ነገ ገንዘብ ቢያመጣ ደግሞ ለማን እንደሚከፈል።