ያውቁ ኖሯል? አልትራሳውንድ ከፆታ በላይ የሚያየው

እትብት ውስጥ ሦስት የደም ሥሮች አሉ፦ ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ። ኦክስጅን የያዘውን ደም ከእንግዴ ልጁ ወደ ፅንሱ የሚያደርሰው ደግሞ፣ ከለመድነው በተቃራኒ፣ ደም መልሱ ነው። ከ100 እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ ከሁለቱ ደም ቅዳዎች አንዱ ይጎድላል። ሌላ ችግር ካልተገኘ አብዛኞቹ ሕፃናት ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ። ቢሆንም ሐኪሙ ልቡንና ኩላሊቱን ጠለቅ አድርጎ ማየትና ዕድገቱን መከታተል አለበት።

በዶፕለር ምርመራ ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲያዩ ቀዩ ንጹሕ ደም፣ ሰማያዊው የተቃጠለ ደም ይመስልዎ ይሆናል። አይደለም። በተለመደው አሠራር ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣ፣ ሰማያዊው ከመሣሪያው የሚርቅ ደም ነው። ባለሙያዋ መሣሪያውን በሌላ አቅጣጫ ስትይዘው ያው የደም ሥር ቀለሙ ይለወጣል።

ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ፕራግ ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ ይናገር የነበረው ስለ ከዋክብት ቀለም ነበር። አልትራሳውንድን ወደ ማህፀን ሕክምና ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ፣ የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። መሣሪያው የሚልከው ድምፅ ነው፤ እንደ ራጅ ጨረር የለውም።

ከልብ አጠገብ ያሉትን ትልልቅ የደም ሥሮች ለማየት አመቺው ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ያለው ነው። ባለሙያዋ ልቡን ካየች በኋላ መሣሪያውን ወደ አንገቱ ትንሽ ከፍ ስታደርገው ሦስት የደም ሥሮች ጎን ለጎን ይመጣሉ። ትልቁ ወደ ሳንባ የሚሄደው፣ መካከለኛው ለመላ አካል ደም የሚያደርሰው አኦርታ፣ ትንሹ ከላይኛው አካል ደም የሚመልሰው ነው። ቁጥራቸው ከጎደለ፣ መጠናቸው ወይም ተራቸው ከተዛባ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ፅንሱ አመቺ ሆኖ ከተኛ ይህን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ይህቺ ደቂቃ ስትዘለል በጣም ያሳዝነኛል።

ምክንያቱም አንዳንዴ ሁለቱ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ቦታ ተለዋውጠው ይበቅላሉ። ማህፀን ውስጥ እንግዴ ልጁ ኦክስጅን ስለሚሰጥ ፅንሱ ምንም አይሆንም። ከተወለደ በኋላ ግን ሁለቱን የሚያገናኘው ትንሽ ቧንቧ መዘጋት ሲጀምር ሕፃኑ ይጠቁራል። አስቀድሞ ከታወቀ ቧንቧው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ወዲያው መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ቀዶ ሕክምናውም ይዘጋጅለታል። የፓሪስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ ከታወቀላቸው 68 ሕፃናት ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስ የሞተ አንድም አልነበረም። ከተወለዱ በኋላ ከታወቀላቸው 250 ግን 15ቱ ሞተዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንዳንዴ የፅንሱ የደም ሥሮች ከእትብቱም ከእንግዴ ልጁም ወጥተው፣ መከለያ ሳይኖራቸው በሽርት ውሃው ከረጢት ላይ አልፈው በማህፀን በር ላይ ይጋደማሉ። እናትየው ምንም አያማትም። ሽርት ውሃው ሲፈስ ግን የደም ሥሩ አብሮ ሊቀደድ ይችላል፤ የሚፈሰውም የሕፃኑ ደም ነው። ለመወለድ የደረሰ ፅንስ ጠቅላላ ደሙ ከአንድ የለስላሳ ጠርሙስ እምብዛም አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ 155 እንዲህ ያሉ እርግዝናዎችን የመረመረ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል፦ ችግሩ ቀድሞ ከታየላቸው ሕፃናት 97 በመቶ ሲተርፉ፣ ካልታየላቸው የተረፉት 44 በመቶ ብቻ ናቸው። መፍትሔው ምጥ ሳይጀምር በኦፕራሲዮን ማዋለድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ34 እስከ 37 ሳምንት ባለው ጊዜ። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የታየባት፣ መንታ ያረገዘች ወይም በቤተ ሙከራ በተደረገ ፅንሰት ያረገዘች እናት የማህፀን በሯ በዶፕለር ቢታይላት ይገባል።

እኛ ዘንድ አልትራሳውንድ ክፍል ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» ነው። ደስታው አይከፋም። ከዚያ ጋር «ዶክተር፣ ከልቡ የሚወጡትን የደም ሥሮች አይተውልኛል? እንግዴ ልጁስ የት ነው ያለው?» ማለትም ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድትነሣ ይላል።

በጭንቅላት ውስጥ ያለ የደም ሥር ችግር ማህፀን ውስጥ እያለ እንደታከመስ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ቦስተን ውስጥ፣ 34 ሳምንት የሞላት ፅንስ አንጎሏ ውስጥ ደም ቅዳና ደም መልስ ያለ አግባብ ተገናኝተው ልቧን ያደክሙ ነበር። ሐኪሞቹ በእናቷ ሆድ በኩል፣ በአልትራሳውንድ እየተመሩ መርፌ አስገብተው ፍሰቱን ቀነሱት። ከተወለደች በኋላ የልብ ድካም መድኃኒት አላስፈለጋትም።

አልትራሳውንድ የሚያመልጠውም አለ፤ የአኦርታ መጥበብ ከሚያመልጡት አንዱ ነው። ስለዚህ በብዙ አገሮች ሕፃኑ 24 ሰዓት ሲሞላው ቀኝ እጁና አንድ እግሩ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይደረግለታል። አያምም፣ የሚጠይቀውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።