ከዲክሲስ ሜዳ እስከ መሰናክል ዝላይ፤ የፈረሰኛና የአሠልጣኝ ሙያ መንገድ

በአርሲ ደጋ፥ በዲክሲስ አገር፥ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ፈረስ ያለ ኮርቻ መጋለብን ማንም ሳያስተምረው ይለምዳል። አዋቂውም ወደ ገበያ፥ ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ በፈረስ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ልጅ በዓለም አደባባይ የሚታየውን የመሰናክል ዝላይ ሙያው ሊያደርግ ቢመኝ ምን መንገድ ይጠብቀዋል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

የመሰናክል ዝላይ ማለት ፈረሰኛው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቁጥር የተሰጣቸውን መሰናክሎች በየተራ የሚዘልበት ውድድር ነው። አንድ እንጨት ለጣለ 4 የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል፤ ፈረሱ አንድ ጊዜ እምቢ ቢል እንዲሁ 4 ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ሁለተኛ እምቢታ ወይም የፈረሰኛው መውደቅ ከውድድር ያስወጣል። ውድድሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1912 የስቶክሆልም ጨዋታ ጀምሮ በኦሊምፒክ ጸንቶ ቆይቷል፤ ሴቶች ግን በዚህ ዓይነት እንዲካፈሉ የተፈቀደላቸው በ1956 ነው።

የዛሬው አዘላለል መሠረት የኢጣሊያው ፈረሰኛ መኰንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ (1868–1907) ያስተማረው አቀማመጥ ነው። ከእርሱ በፊት ፈረሰኛው ሲዘል ወደ ኋላ ተለጥጦ ልጓሙን ይስብ ነበር። ካፕሪሊ ግን ሰውነቱን ወደ ፊት አዘንብሎ ለፈረሱ አንገት ነጻነት እንዲሰጥ አሳየ። እዚህ ላይ የእኛን ጉግስ ማነጻጸር ይጠቅማል። የጉግስ ፈረሰኛ ሲያባርር፥ ሲሸሽና በጋሻ ሲመክት ፈረሱን ድንገት ማቆምና ማዞር አለበት፤ ስለዚህ በባህላዊው አጋለብ ልጓሙ ጠንካራ ነው፤ እርካቡም ብዙ ጊዜ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ነው። ዝላይ ግን ለስላሳ እጅና መላ እግር የሚያሳርፍ እርካብ ይጠይቃል። የዲክሲሱ ልጅ ሚዛንና ድፍረት አለው፤ እጁን ግን እንደ አዲስ ማስተማር ይኖርበታል።

የሙያው የመጀመሪያ ደረጃ ጋጣው ነው። ተማሪው ያጸዳል፥ ይመግባል፥ ሰኮና ይመረምራል፤ ባልደራስ ያልሆነ ጥሩ ፈረሰኛ አይሆንም። ቀጥሎ መሬት ላይ በተጋደሙ እንጨቶች፥ ከዚያም ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር በሚደርሱ መሰናክሎች ላይ ይለማመዳል። ከፍተኛው ውድድር 1 ሜትር ከ60 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ዕውቀት ስፍር ነው። የትልቅ ፈረስ አንድ የግልቢያ እርምጃ 3 ሜትር ተኩል ያህል ስለሚሆን፥ ፈረሰኛው ከውድድሩ በፊት ሜዳውን በእግሩ እየዞረ፥ በሁለት መሰናክሎች መካከል ፈረሱ ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ ይቈጥራል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአገራችን ፈረስ ቁመቱ ከ140 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በዓለም አቀፉ ደንብ ደግሞ ከ148 የማይበልጥ ፈረስ እንደ ድንክ ይቈጠራል። እርምጃውም አጭር ስለሆነ ለትልቅ ፈረስ የተሰፈረው ሜዳ አይስማማውም። ከዚህም በላይ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚያዛምቱት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በአገራችን ስለሚገኝ፥ ፈረስ ወደ አውሮፓ ወስዶ መወዳደር እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ባሕር የሚሻገረው ፈረሱ ሳይሆን ፈረሰኛው ነው፤ በሰው ጋጣ ገብቶ፥ በሰው ፈረስ ላይ ራሱን ማስመስከር አለበት።

የኑሮውም ነገር መታወቅ አለበት። ሽልማት አንድ ጊዜ ይገኛል፥ አንድ ጊዜ ይታጣል። ብዙው ፈረሰኛ የሚተዳደረው የባለንብረቶችን ፈረስ በመግራት፥ ተማሪ በማስተማርና ፈረስ አሠልጥኖ በመሸጥ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝነት ከጡረታ በኋላ የሚመጣ ሳይሆን ከውድድሩ ጋር አብሮ የሚሄድ ሥራ ነው። ዕድሜም እንደ ሩጫ አያግድም። እንግሊዛዊው ኒክ ስኬልተን በ2000 አንገቱ ተሰብሮ ሙያውን ትቶ ከተመለሰ በኋላ፥ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በ58 ዓመቱ የወርቅ ሜዳልያ አግኝቷል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ያህል ፈረስ አላት፤ ነገር ግን ሞተር ብስክሌቱ ወደ ገጠር በገባ ቁጥር የፈረሱ ሥራ በከተማ ጋሪ ብቻ እንዳይወሰን ያሰጋል። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። የልጁ ድፍረትም እስከ ሜዳው ጫፍ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። በእኛ አስተያየት መጀመሪያው ትልልቅ ፈረሶችን ከውጭ ማስመጣት አይደለም። ለአገሩ ፈረስ ቁመትና እርምጃ በተሰፈረ ዝቅተኛ መሰናክል፥ ለስላሳ ልጓምና የእንስሳት ሐኪም ባለበት ሜዳ፥ በአሰላ አካባቢ አሠልጣኝ ማሠልጠን ይቻላል። አንድ ጥሩ አሠልጣኝ ከአንድ ሜዳልያ ይልቅ ብዙ ልጆችን በፈረስ ላይ ያቈያልና።