ከመንኰራኵር ውጭ ወጥቶ ስለ መሥራት

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ወደ ሰማይ ሲመለከት ኖሯል። ቀኑንና ወራቱን፣ የዘሩንና የመከሩን ጊዜ የሚያውቀው ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን እያየ ነበር። በእኛ ዘመን ግን ሰው ሰማዩን ከመመልከት አልፎ ከምድር በላይ ቤት ሠርቶ መኖር ከጀመረ ቈይቷል። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የዚያን ቤት በር ከፍቶ ወደ ውጭ መውጣቱና በባዶው ጠፈር ውስጥ እንደ አናጢ፣ እንደ መካኒክ ሥራ መሥራቱ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ አደጋው ምን እንደ ሆነና ለእኛ ለተማሪዎች ምን እንደሚያስተምረን በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ጥቂት ልናገር። ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ የሠሩት አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ጃፓን፣ ካናዳና የአውሮፓ አገሮች በኅብረት ሲሆኑ፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው የመኪና መንገድ ወደ ላይ ቢቆም የሚደርስበት ከፍታ ነው። ፍጥነቱም በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ያንን መንገድ ያህል አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልፈዋል። ምድርንም በ90 ደቂቃ ያህል ይዞራታል። ስለዚህ በውስጡ የሚኖሩ ሰዎች በአንድ ቀን 16 ጊዜ ያህል ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ያያሉ።

ይህ ጣቢያ በእኛ በመካነ ሰላም ሰማይ ላይም ያልፋል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ወይም ከመውጣቷ በፊት ሳይርገበገብ በጸጥታ የሚሄድ ደማቅ ብርሃን ያየ ሰው ምናልባት እርሱን አይቶ ይሆናል። እኛ በጨለማ ሳለን እርሱ ስለ ምን ያበራል ቢባል፣ መልሱን ከአባይ ሸለቆ እናገኘዋለን። ማታ ማታ ከአፋፉ ላይ ቆመን ስንመለከት ቆላው ጨልሞ ሳለ የተራራው ጫፍ ገና የፀሐይ ብርሃን ይመታዋል። ጣቢያውም ከተራራ ሁሉ በላይ እጅግ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ለእኛ የገባችው ፀሐይ ለእርሱ ገና አልገባችም።

አንድ ጊዜ ይህንን ለአያቴ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ከቤቱ የወጣውን ሰውዬ ማን ይዞት ነው የማይወድቀው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው። ብዙዎቻችን በዚያ ከፍታ የምድር ስበት የለም ብለን እናስባለን፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምድር ስበት እዚህ ካለው ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህል ይሆናል። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ በወንጭፍ ድንጋይ ሲወረውር እናስብ። በቀስታ ቢወረውር ድንጋዩ ቅርብ ይወድቃል፤ በኀይል ቢወረውር ርቆ ይወድቃል። የአየር መከላከል ባይኖርና ወንጭፉ በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ቢሰጠው ግን፣ ድንጋዩ ወደ ታች በወደቀ መጠን ምድርም ክብ ስለ ሆነች ከሥሩ እያጐነበሰች ትሸሸዋለች፤ ስለዚህ ዘወትር እየወደቀ መሬት ሳይነካ ይዞራል። ጣቢያውም፣ ከጣቢያው የወጣውም ሰው እንደዚሁ አብረው በእኩል ፍጥነት ይወድቃሉ። ለአያቴም፣ «አባባ፣ እየወደቀ ነው፤ ነገር ግን የሚያርፍበት መሬት አይደርስበትም» ብዬ መለስሁላቸው።

ከመንኰራኵር ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ሰው የሶቪየት ኅብረቱ አሌክሲ ሌዎኖቭ ነው። ይህም መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ሆነ። በውጭ የቈየው 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ መመለሱ ከመውጣቱ የከበደ ሆነበት። በጠፈር ውስጥ ከውጭ የሚጫን አየር ስለሌለ፣ በልብሱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ተነፋ ስልቻ አሳብጦ አደረቀው፤ እጁ ከጓንቱ ጫፍ ሸሸ፤ በገባበትም ጠባብ በር ማለፍ አቃተው። በመጨረሻ ከልብሱ ውስጥ አየር ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ፣ ለሕይወቱ እየሠጋ፣ በብዙ ድካም ገባ። በዚያው ዓመት ግንቦት 26 ቀን አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኋይት ከጄሚኒ 4 ወጥቶ ከ20 ደቂቃ በላይ ቈየ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. ዩጂን ሰርናን ከጄሚኒ 9 ወጥቶ ሥራ ሊሠራ ሲሞክር ችግሩ ተገለጠ። ገበሬ እርፉን ሲጫን እግሩ መሬት ስለሚረግጥና ክብደቱ ስለሚያግዘው ማረሻው ይገባል። በጠፈር ግን የሚረገጥ ነገር የለም። ሰውየው አንዱን ዕቃ ቢገፋ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ብሎን ቢያዞር ብሎኑ ቆሞ ራሱ ይዞራል። ሰርናን ከሁለት ሰዓት በላይ ታግሎ እጅግ ደከመ፤ ከላቡም የተነሣ የራስ ቍሩ መስታወት በጉም ተሸፍኖ ማየት ተሳነው። ይህንን የተመለከቱ ባለሙያዎች ሥራውን አልተዉትም፤ ምክንያቱን መረመሩ። በ1959 ዓ.ም. በዝ አልድሪን በውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀድሞ ተለማምዶ፣ እግር የሚገባበት ማሰሪያና የሚጨበጥ እጀታ ተዘጋጅቶለት ወጣ፤ ሥራውንም ያለ ችግር ፈጸመ። እስከ ዛሬም ጠፈርተኞች የሚለማመዱት በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ነው።

ጠፈርተኛው የሚለብሰው ልብስ በእውነቱ ልብስ ብቻ ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ መንኰራኵር ነው። በምድር ቢመዘን ከ100 ኪሎ በላይ ይሆናል። ፀሐይ የሚመታው ነገር እስከ 120 ዲግሪ ሊግል፣ በጥላ ያለው ደግሞ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ ልብሱ ብዙ ድርብ አለው፤ ከሥሩም ቀዝቃዛ ውሃ የሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ሌላ ልብስ ይለበሳል። ከጀርባው ኦክሲጅን የሚሰጥና የተቃጠለውን አየር የሚያጣራ መሣሪያ አለ። የሚጠጣውም ውሃ በከረጢት ሆኖ ከደረቱ ላይ ይደረግለታል፤ ሥራው ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ሊፈጅ ይችላልና።

ስለ አየሩም አንድ የሚገርም ነገር አለ። እኛ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ስለምንኖር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱን ሲወጣ የሚያለከልከው ስለዚህ ነው። በጠፈር ልብስ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከዚህም ያነሰ፣ የባሕር ዳርቻው አንድ ሦስተኛ እንኳ የማይሞላ ነው። እንዲህ የተደረገው ልብሱ እንደ ሌዎኖቭ ልብስ እንዳይደርቅ ነው። ሰውየው የማይታፈነው የሚተነፍሰው ንጹሕ ኦክሲጅን ስለ ሆነ ነው። ሆኖም የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት አረፋ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ግፊቱ በድንገት ቢቀንስ በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሰውን ሊጐዳ ይችላል። ይህ እንዳይሆን ጠፈርተኛው ከመውጣቱ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ንጹሕ ኦክሲጅን እየተነፈሰ ናይትሮጅኑን ከሰውነቱ ያስወጣል።

ከጣቢያው ጋርም በገመድ ይታሰራል። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው በጠፍር ታስሮ እንደሚሳብ፣ በጠፈርም ገመዱ የሕይወት ነገር ነው። ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ አዲሱን ማሰሪያ ሳያስር የቀድሞውን አይፈታም። ገመዱ ቢለቅ እንኳ ጋዝ እየረጨ የሚመልሰው ትንሽ መሣሪያ በጀርባው ይይዛል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም አደጋ አይጠፋም። ሐምሌ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ሉካ ፓርሚታኖ በውጭ ሲሠራ ከማቀዝቀዣው መሣሪያ የወጣ ውሃ በራስ ቍሩ ውስጥ ይጠራቀም ጀመር። በጠፈር ውሃ ወደ ታች ስለማይፈስ ዐይኑንና አፍንጫውን ሸፈነው። ከምድር በላይ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ በውሃ የመስጠም አደጋ ደረሰበት። እርሱ ግን አልተደናገጠም፤ ማየትና መስማት ቢያዳግተውም መንገዱን በማስታወስና ገመዱን በመከተል ወደ በሩ ተመለሰ። ጓደኞቹም ፈጥነው የራስ ቍሩን አወለቁለት፤ ዳነም።

እንግዲህ ይህን ያህል መከራ ስለ ምን ይቀበላሉ? ጣቢያውን ለመሥራትና ለመጠገን ብቻ ከ270 ጊዜ በላይ ወደ ውጭ ተወጥቷል። ሀብል የተባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ በ1982 ዓ.ም. ከተላከ በኋላ መስታወቱ ከፀጕር ውፍረት እጅግ ባነሰ መጠን ተሳስቶ እንደ ተሠራ ታወቀ፤ የሚያነሣውም ሥዕል ደበዘዘ። በ1986 ዓ.ም. ጠፈርተኞች በተከታታይ አምስት ቀን አምስት ጊዜ ወጥተው አረሙት፤ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የምናያቸው ብዙ የከዋክብት ሥዕሎችም ከዚያ በኋላ ተገኙ። ሥራውም የወንዶች ብቻ አይደለም። ስቬትላና ሳቪትስካያ በ1976 ዓ.ም. ከመንኰራኵር ውጭ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ጥቅምት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ክሪስቲና ኮክና ጄሲካ ሚር ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ወጥተው የተበላሸ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለወጡ። ወላጆቻችን ይህንን ልብ እንዲሉልን እወዳለሁ፤ በክፍላችን ሒሳብ የሚበልጡን እኅቶቻችን አሉና።

አገራችንም ከዚህ ነገር ፈጽማ የራቀች አይደለችም። በከፋ ቦንጋ የተወለዱት ቅጣው እጅጉ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው በአሜሪካ የጠፈር ሥራ መሐንዲስ ለመሆን በቅተዋል። በእንጦጦ ተራራ የከዋክብት መመልከቻ ተሠርቷል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ክብደቷ 72 ኪሎ ያህል የሆነች፣ እርሻንና ደንን ከላይ ሆና እንድትመለከት ከቻይና ተላከች። እንዲህ ያለችው ትንሽ ሳተላይት ብትበላሽ ማንም ወጥቶ አይጠግናትም። ስለዚህ የሚሠራት መሐንዲስ እያንዳንዱን ብሎን ምድር ላይ ሳለ አጥብቆ ማሰር አለበት።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የስበትን ሕግ፣ የግፊትን ሕግ፣ የግፊያንና የአጸፋውን ሕግ በፊዚክስ ክፍላችን ስንማር ለፈተና ብቻ የተጻፉ ይመስለን ይሆናል። ሌዎኖቭን ሊገድለው የነበረው የግፊት ሕግ ነው፤ ሰርናንን ያደከመው የአጸፋ ሕግ ነው፤ አልድሪንን የረዳው ደግሞ ያንኑ ሕግ ዐውቆ መዘጋጀቱ ነው። ሕጉን የሚያውቅ ይጠቀምበታል፤ የማያውቅ ይጐዳበታል። ከእኛ መካከል ወደ ጠፈር የሚሄድ ይኑር አይኑር ዛሬ ለመናገር አይቻልም፤ ብሎን በሚገባ የሚያጠብቅ፣ ከሳተላይት የመጣ ሥዕል አንብቦ የቦረና ገበሬ ዝናብ መቼ እንደሚጠብቅ የሚነግር ሰው ግን ከዚሁ ክፍል ሊወጣ ይችላል። መምህራኖቻችንም በጥያቄያችን ሳይሰለቹ እንዲያስረዱን በአክብሮት እለምናለሁ።