ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ባክቴሪያ፣ ብዙ ዝርያ

በ1982 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ከታማሚዎች ጨጓራ የተገኘ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ለማሳደግ ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም ነበር። የፋሲካ በዓል መጣና ሳህኖቹ ከተለመደው ሁለት ቀን በላይ ቆዩ፤ ባክቴሪያውም አድጎ ተገኘ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ባክቴሪያው የጨጓራ ቁስለት ሊያስከትል ይችላል፤ ይሁንና ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቁስለቱ አይዛቸውም። አንዱ ምክንያት የዝርያው ልዩነት ነው።

ዝርያውን ለመለየት ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ ከጨጓራ ግድግዳ ትንሽ ናሙና ይወስዳል። በናሙናው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅን በተቀነሰበት ዕቃ ለቀናት እንዲያድግ ከተደረገ በኋላ ዘረመሎቹ ፒሲአር በተባለ ዘዴ ይመረመራሉ። በተለይ የሚፈለገው ካግኤ የተባለው ዘረመል ነው፤ እሱን የያዙ ዝርያዎች ከቁስለትና ከጨጓራ ካንሰር ጋር ይበልጥ ይያያዛሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ በ1999 እ.ኤ.አ. ከሁለት ታማሚዎች የተወሰዱ ዝርያዎች ሲነጻጸሩ፣ ከእያንዳንዳቸው ዘረመሎች 6 እስከ 7 በመቶው በሌላው ውስጥ አልተገኘም።

በአንድ ሰው ጨጓራ ከአንድ በላይ ዝርያ ሊኖር ይችላል። አንዱ ክላሪትሮማይሲን ለተባለው መድኃኒት ሲሸነፍ ሌላው ሊቋቋመው ስለሚችል፣ ናሙና ከተለያዩ የጨጓራ ክፍሎች ይወሰዳል።