ሾፌር የሚባል አስተርጓሚ

ለቡ መብራት ኃይል ከምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና ጫንኩበትና ስክሪኑም ኪቦርዱም ድምፁም ሠሩ፤ ዋይፋይ ግን የለም። ልጁ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ድራይቨር የለውም፤ ከኢንተርኔት ይወርዳል» አለኝ። ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨሩን ለማግኘት ኢንተርኔት! ስልኬን በኬብል ሰክቶ በስልኩ ዳታ አወረደልኝ።

ድራይቨር ቃሉ ሾፌር ማለት ነው፤ ሥራው ግን የአስተርጓሚ ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ፣ «ይህን መልእክት ላክ» ሲል፣ ድራይቨሩ ትእዛዙን ቺፑ ወደሚገባው ቁጥር ይለውጠዋል፦ በዚህ አድራሻ ይህን ቁጥር ጻፍ፣ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያኛው አንብብ። የየአድራሻውን ትርጉም የሚያውቀው ቺፑን የሠራው ፋብሪካ ነው። ለዊንዶውስ ራሱ ጽፎ ይሰጣል። እንደ ሊኑክስ ላሉ ነፃ ሥርዓቶች ግን ብዙዎቹ ድራይቨሩን ቀርቶ የቺፑን መመሪያ እንኳ ሲከለክሉ ኖረዋል።

ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የዋይፋይ ቺፖች ታሪክ ይህን ያሳያል። መመሪያ ስላልነበረ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር ፈታትቶ ቺፑ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ አሰፈረ። ሌላው ቡድን ዋናውን ኮድ በዓይኑ ሳያይ፣ ጽሑፉን ብቻ ይዞ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። ቀድቷል ተብሎ እንዳይከሰስ ነው። በር ላይ ቆሞ የሰው ጨዋታ እያዳመጠ ቋንቋ እንደሚለምድ ሰው ማለት ነው፤ እኔ ትዕግሥቱ የለኝም። ድራይቨሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሊኑክስ ጋር ተቀላቀለ። ኩባንያው ራሱ ለአዳዲስ ቺፖቹ ኮዱ ክፍት የሆነ ድራይቨር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ቋንቋው ከተለመደም በኋላ ጣጣው አያልቅም። ድራይቨር የሚሠራው ከርነሉ ውስጥ ስለሆነ አንድ ስሕተት ማሽኑን በሙሉ ያደርቀዋል። የከርነሉ የውስጥ አሠራርም ይለዋወጣል፤ ከዋናው ሊኑክስ ውጭ የቀረ ድራይቨር በየእትሙ እንደገና መስተካከል አለበት። ፋብሪካው ደግሞ የዕቃውን ስም ሳይቀይር ውስጡ ያለውን ቺፕ ይቀይራል፤ ያን ጊዜ የነበረው ድራይቨር ላይሠራ ይችላል።

ከድራይቨሩ ሥር ሌላ በር አለ፤ ፈርምዌር ይባላል። ቺፑ ውስጥ የሚሮጥ፣ ድራይቨሩ ሲነሳ የሚጭንለት ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡትን አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፖች የሚያስታውስ ይኖራል። ሊኑክስ ነበራቸው፣ የፊደል ኪቦርድም ነበራቸው። ማርቬል የተባለ ኩባንያ የሠራው ዋይፋያቸው ዋናው ፕሮሰሰር ተኝቶ እንኳ የሌላውን ልጅ መልእክት እንዲያስተላልፍ የታሰበ ነበር። ድራይቨሩ ክፍት ነው፤ ቺፑ ውስጥ የሚሮጠው ፈርምዌር ግን ዝግ ነበር። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ይህን አጥብቆ ተቃውሟል። ከሊኑክስ ስሪቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን በበኩሉ ለዓመታት እንዲህ ያለውን ፋይል ከመጫኛው ለይቶ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በአባላቱ ድምፅ አቋሙን ለወጠና በ2023 ከወጣው 12ኛው እትም ጀምሮ አብሮ ያቀርበዋል። ለመርሁ ሰዎች ሽንፈት ነው፤ ስልኩን በኬብል ለሚሰካ ሰው ግን እፎይታ።

ማታ የወረደውን ከፍቼ አየሁት። ድራይቨሩ ለካ ከመጀመሪያውም ላፕቶፑ ላይ ነበረ። የጎደለው ፈርምዌሩ ነው፤ ማንም ከፍቶ የማያነበው ትንሽ ፋይል።