«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

የአክስቴ ልጅ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ትሠራለች። ላፕቶፗ ላይ «ሲ ድራይቭ» ሥር ያለችው ሰማያዊ መስመር ወደ ቀይ ከተለወጠች ሰነባብታለች። በየጠዋቱ ሪሳይክል ቢኑን ታራግፋለች፣ የልጆቿን ፎቶ ወደ ፍላሽ ታዛውራለች፤ በማግስቱ መስመሯ ያው ቀይ ናት። ጥገና ቤት ስትሄድ የተነገራት አጭር ነበር፦ «የኔ እህት፣ ፋይልሽን አውጪና ፎርማት ይደረግ።»

ፎርማት በእኛ ሰፈር የኮምፒውተር ፓናዶል ነው። ለቫይረሱም፣ ለመንቀራፈፉም፣ ለመሙላቱም ይታዘዛል። የቫይረሱስ ይሁን። ለሞላ ዲስክ ግን ምን ይፈይዳል? ከፎርማት በኋላም ዲስኩ ያው 128 ጊጋባይት ነው። ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ተመልሶ ሲጫን ቀዩ መስመርም ውሎ አድሮ ይመለሳል። እስከዚያው ደግሞ ፒችትሪውን የጫነላት ልጅ ሥራ ለቋል፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ የለም፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ የሚያውቀው ብሮውዘሩ ብቻ ነው። ያስፈለጋት ሰፋ ያለ ዲስክ ነው፤ ያለው ሁሉ እንዳለ የሚገባበት። ይህ ሥራ ክሎን ማድረግ ይባላል።

«ታዲያ ሁሉንም መርጦ ኮፒ ማድረግ አይበቃም?» አለችኝ። ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው። ስክሪኑ ላይ የምናየው ፎልደር ለእኛ ዓይን የተሠራ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ከዜሮ ጀምሮ ቁጥር የተሰጣቸው፣ እያንዳንዳቸው 512 ወይም 4,096 ባይት የሚይዙ ሴክተሮችን ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ዩኢኤፍአይ የምትባል ፕሮግራም (ብዙዎቻችን ዛሬም ባዮስ ነው የምንላት) ወደ ዲስኩ መጀመሪያ ሄዳ የክፍፍሉን ሠንጠረዥ ታነባለች። ከዚያ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ወደምታህል፣ ከተጠቃሚው ወደተሰወረች ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ትሻገራለች። ዊንዶውስን የሚቀሰቅሰው ፋይል የሚገኘው እዚያ ነው። እሱም የዊንዶውስን ፓርቲሽን የሚለየው እኛ «ሲ» ብለን በምንጠራው ስም ሳይሆን በረጅም መለያ ቁጥሩ ነው።

ኮፒና ፔስት ወደዚያ ሁሉ አይደርስም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ ሥራ ላይ እያለ ሬጂስትሪ የሚባለውን የራሱን መዝገብ ቆልፎ ይይዛል። ስለዚህ የሚገኘው ፋይሉ የሞላ፣ ነገር ግን የማይነሳ ዲስክ ነው።

ክሎን የሚያደርግ ፕሮግራም ግን እንደ ቁም ጸሐፊ ነው። የሚገለብጠው ነገር ደብዳቤ ይሁን ዘፈን አይጠይቅም፤ የመጀመሪያውን ሴክተር በመጀመሪያው፣ ሚሊዮንኛውን በሚሊዮንኛው ላይ ያሰፍራል። ለዚህ የሚያገለግለው ጥንታዊ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ የዩኒክስ ዘመን የመጣው «ዲዲ» የተባለ ትእዛዝ ነው፤ ዛሬም በየሊኑክሱ አለ። መነሻና መድረሻውን ካምታቱበት ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ያለ ምንም ጥያቄ ይገለብጠዋል፤ ባለሙያዎቹም «ዲስክ አውዳሚ» እያሉ ይቀልዱበታል። እኔም አንድ ጊዜ ቀልዱን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ፤ የሁለት ዓመት ፎቶ ነበር።

ሥራውን ለተራው ባለሙያ ያቀረበው ግን ጎስት የተባለው ፕሮግራም ነው። መሪ ሃዛርድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ ሠራው፤ በ1998 ሲማንቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። አንድ ኮምፒውተር በሥርዓት ተጭኖ ካለቀ በኋላ መልኩን ወደ ሌሎቹ መገልበጥ ስለተቻለ፣ ብዙ ማሽን ያላቸው ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች እፎይ አሉ። ለግል ተጠቃሚዎች ይሸጥ የነበረው ጎስት እ.ኤ.አ. በ2013 ከገበያ ወጣ። ዛሬ የታይዋን የከፍተኛ ስሌት ማዕከል ባለሙያዎች ያዘጋጁት ክሎንዚላ በነፃ ይገኛል፤ ብዙ የኤስኤስዲ (የዘመኑ ፈጣን ዲስክ) አምራቾችም ለደንበኞቻቸው የራሳቸውን ፕሮግራም ይሰጣሉ። እነዚህ ባዶውን ሴክተር እየዘለሉ የተጻፈበትን ብቻ ስለሚገለብጡ ከዲዲ ይፈጥናሉ። በዊንዶውስ ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ የተቆለፈውንም ፋይል ያገኙታል፤ ዊንዶውስ ራሱ በዚያች ቅጽበት ያለውን መልክ አስቀርቶ ያቀርብላቸዋል።

ወደ ግዢው። ቀጭኗ ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ ማስቲካ ታክላለች፤ የተለመደችው 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት አላት። በመልክ መንታ የሆኑ ሁለት ዓይነቶች አሉ፦ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። ሳታዋ መሰኪያዋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጎድጓዳ ቦታ፣ ኤንቪኤምኢዋ አንድ ይኖራታል። ላፕቶፑ የማይቀበለውን ዓይነት መግዛት ብር መጣል ነውና አሮጌዋን ፈትቶ፣ በእጅ ይዞ ሱቅ መሄድ ይሻላል። እኛም እንደዚያው አድርገን 512 ጊጋባይት ገዛን። ዊንዶውስ 476 ብሎ ሲያሳያት ዘመዴ ሻጩን ልትጣራ ነበር። ሻጩ አልሰረቃትም፤ ፋብሪካው በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል፣ ልዩነቱ ከዚያ ነው።

ላፕቶፑ አንድ መሰኪያ ብቻ ስላለው አዲሷን በዩኤስቢ በሚሰካ ኬዝ ውስጥ አስገባናት። ከመጀመራችን በፊት የተመለከትኩት አንድ ነገር ግን ነበር፦ ቢትሎከር። ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚመጡ ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ዲስኩን ሳይነግሩት ይቆልፉታል። እንዲህ የተቆለፈ ዲስክ በሚገለበጥበት ጊዜ ከዊንዶውስ ውጭ ለሚነሱ ፕሮግራሞች ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው፤ ከተገለበጠ በኋላም ባለ 48 አኃዙን መክፈቻ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከሴቲንግ ገብቶ መቆለፊያውን ማጥፋትና እስኪፈታ መጠበቅ ይቀድማል።

የሚያስፈራው የመጨረሻው ገጽ ነው፤ መነሻው የቱ፣ መድረሻው የቱ እንደሆነ የሚጠይቀው። እዚህ ላይ የዲስኩን ሞዴልና መጠን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ዘመዴ ደግሞ ወረቀት ላይ ታመሳክራለች። በትክክል ከተመረጠ አሮጌው ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አዲሱ ላይ ያለው ግልባጭ ብቻ ነው፤ እንደገና ይጀመራል። ለማንኛውም ላፕቶፑ ቻርጀሩ ላይ ይሁን።

ጊዜውን የሚወስነው ገመዱ ነው። 128 ጊጋባይት በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢጓዝ ከ21 ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል። በድሮው ዩኤስቢ 2 ከሆነ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ነውና አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቡና ተፈልቶ አቦል ተጠጣ፣ ቶና ላይ ስንደርስ አለቀ።

አለቀ ማለት ግን አላለቀም። ሰው ሁሉ የሚደናገረው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ ዲስክ ሰፊ ነው፤ «ሲ ድራይቭ» ግን ዛሬም እንደ ድሮዋ ጠባብ፣ ቀይ መስመሯም እንዳለ ነው። ግልባጩ ታማኝ ስለሆነ አጥሩንም ከነቦታው ገልብጦታል! የተረፈው መሬት ከዲስኩ መጨረሻ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ዊንዶውስ ፓርቲሽን የሚያሰፋው ደግሞ ኩታ ገጠም ወደሆነ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። በ«ሲ»ና በባዶው መካከል ሪከቨሪ የምትባል ትንሽ ፓርቲሽን አለች፤ ዊንዶውስ ሲታመም የሚጠገንባት። እሷ መሃል ስለቆመች ማስፊያው ቁልፍ ደብዝዞ አይጫንም። አንዳንዱ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ትርፉን «ዲ» ብሎ ይከፍለውና ይተዋል፤ እኔ ይህን ሥራውን አጋማሽ ላይ መጣል ነው የምለው። ጂፓርቲድ በተባለው ነፃ መሣሪያ ሪከቨሪዋን ወደ ዲስኩ ጫፍ ገፍቶ «ሲ»ን ማስፋት ይቻላል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ይህን ገና ሲገለብጡ እንድናስተካክል ይፈቅዳሉ፤ ምርጫው ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ጥግ ላይ ተደብቋል።

ሴክተር በሴክተር ለገለበጠ ሰው አንድ ጣጣ ይጨመራል። የዘመኑ የክፍፍል ሠንጠረዥ፣ ጂፒቲ፣ መጠባበቂያ ቅጂውን ዲስኩ መጨረሻ ላይ ያኖራል። ትንሹ ዲስክ ወደ ትልቅ ሲገለበጥ ያ ቅጂ መሃል ሜዳ ላይ ይቀራል። ጂፓርቲድ ሲከፈት ይህን አይቶ «ላስተካክል?» ይላል፤ አዎ ማለት ነው።

ከዚያ አሮጌዋን ነቅሎ አዲሷን መተካት። ሁለቱን አንድ ላይ ሰክቶ ማስነሳት አይመከርም፤ ግልባጭ ናቸውና መለያ ቁጥራቸውም አንድ ነው። በአንድ መታወቂያ ሁለት ሰው ሲመጣበት ዊንዶውስ አንዱን ያግደዋል። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ የተሻገረ ሰው ሰማያዊው የስህተት ስክሪን ሊመጣበት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አንዴ በሴፍ ሞድ ማስነሳት ይፈታዋል። የዊንዶውስ ፈቃድ በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚታሰር በዲስክ መለወጥ አይጠፋም። ከዲስኩ መለያ ጋር የሚታሰሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን እንደገና ቁልፍ ይጠይቃሉ፤ ቁልፎቹን ቀድሞ መጻፍ ነው።

ክሎን የማላደርግላቸው ዲስኮች አሉ። ቫይረስ የገባበትን መገልበጥ በሽታውን ወደ አዲስ ቤት ማዛወር ነው፤ እዚያ ላይ ፎርማት የሚለው ባለሙያ ልክ ነው። እየተንቋቋ ያለ አሮጌ ሃርድ ዲስክም በተራ ፕሮግራም አይነካም። ለእሱ ዲዲሬስኪው የተባለ መሣሪያ አለ፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ቶሎ ያወጣና ወደተጎዳው በኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል፣ የት እንደደረሰም ማስታወሻ ይይዛል።

አሮጌዋን ዲስክ ለአንድ ወር መሳቢያ ውስጥ እንድታቆይ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ በኬዙ ውስጥ ለመጠባበቂያ ትሆናታለች፤ ብትሸጣት ግን የድርጅቱ ሂሳብ በሙሉ አብሮ እንዳይሄድ ሙሉ ለሙሉ ማጽዳት አለባት።

ላፕቶፑን አበራችው። የልጆቿ ፎቶ ከነበረበት ብቅ አለ። ፒችትሪው የአርብ ዕለቱን ሂሳብ ይዞ ተከፈተ፣ ፕሪንተሩ አተመ፣ «ሲ ድራይቭ» ሥር ያለችው መስመር ሰማያዊ ሆነች። ዴስክቶፑ ላይ የተበታተኑት «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ኒው ፎልደር 7» ሳይቀሩ ቦታቸው ላይ ነበሩ። «እነዚህን እንኳ ብታስቀርልኝ ምን ነበረበት?» አለች።